ክራውኑን ግማሽ ይከፍላል የተባለው ኢንሹራንስ ለምን 1,620 ዶላር አስጠየቀኝ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከመሥሪያ ቤቴ ፒፒኦ የሚባል የጥርስ ኢንሹራንስ አለኝ። ወረቀቱ 100/80/50፣ ዲዳክቲብል 50 ዶላር፣ አኑዋል ማክሲመም 1,500 ዶላር ይላል። በኦክቶበር የታች ግራ መንጋጋ ጥርሴን አሞኝ ሄጄ ተመረመርኩ፤ ሙሉ ራጅም አነሱኝ። ሩት ካናል (የጥርስ ነርቭ ሕክምና)፣ ቢልድአፕ (ለክራውኑ መሠረት የሚሆን ሙሌት)፣ ክራውን (የጥርስ ሽፋን)፣ ከዚያም የአራቱም የአፍ ክፍል ዲፕ ክሊኒንግ (ከድድ በታች የሚደረግ ጽዳት) ያስፈልግሻል ብለው የዋጋ ዝርዝር ሰጡኝ። ግርጌው ላይ የእኔ ድርሻ 1,620 ዶላር ነው። ክራውን 50 ከመቶ፣ ሩት ካናል 80 ከመቶ ይሸፈናል ተብዬ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል? ዲፕ ክሊኒንጉስ የግድ ነው ወይስ ገቢ ማግኛ? ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ያስነቀልኩት ጥርስም አለ፤ በዚህ ኢንሹራንስ ማስተከል እችላለሁ?

ምላሽ፦ የላኩትን ዝርዝር መስመር በመስመር ደምሬዋለሁ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ክሊኒኩ በቁጥሩ አላታለለዎትም። ነገር ግን ሁሉም ሥራ በዚህ ዓመት እንዲያልቅ አድርጎ ነው ያሰበው። ሕክምናው ሳይቀነስ ቀኑን ብቻ በማስተካከል ከ1,620 ወደ 1,009 ዶላር ማውረድ ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ከታች አሳያለሁ፤ መጀመሪያ ግን ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት ሥራቸው መታወቅ አለበት።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው አኑዋል ማክሲመም (ዓመታዊ ጣሪያ) ላይ ነው። በጤና ኢንሹራንስ ላይ ያለው ዓመታዊ ጣሪያ የእርስዎ ኪስ ጣሪያ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ቀሪውን ኢንሹራንሱ ይከፍላል። በጥርስ ኢንሹራንስ ግን ጣሪያው የኢንሹራንሱ ነው። 1,500 ዶላር ከፍሎ ሲጨርስ እጁን ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእርስዎ ነው። ስለዚህ "50 ከመቶ ይሸፍናል" ማለት "ከጣሪያው የተረፈ ገንዘብ ካለ" ማለት ነው። ስልክ ደውለው "ክራውን ይሸፈናል?" ብለው ቢጠይቁ "አዎ" ይሉዎታል። ትክክለኛው ጥያቄ "ከዓመቱ ጣሪያ ስንት ቀርቶኛል?" የሚለው ነው።

ፕሪሚየም በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጠው ነው፤ ጥርስዎን ቢያሳዩም ባያሳዩም ይሄዳል። ዲዳክቲብል ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት አንድ ጊዜ ከኪስዎ የሚከፍሉት ነው። የእርስዎ 50 ዶላር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራና መደበኛ እጥበት ላይ አይጠየቅም፤ ከዚያ በላይ ባለው የመጀመሪያ ሕክምና ላይ ያርፋል። 100/80/50 የሚለው ሦስት መደብ ነው። ምርመራ፣ ራጅና መደበኛ እጥበት 100፤ ሙሌትና ቀላል ነቀላ 80፤ ክራውን፣ ብሪጅና ተነቃይ ጥርስ 50። ሩት ካናልና የድድ ሕክምና ግን ቋሚ ቦታ የላቸውም፤ አንዱ እቅድ 80 ውስጥ ሲያስቀምጣቸው ሌላው 50 ውስጥ ይጥላቸዋል። በእርስዎ እቅድ ሁለቱም 80 ውስጥ ናቸው፤ ይህ ጥሩ ነው። ሥራ ቢቀይሩ ግን አዲሱም እንደዚያ ነው ብለው አያስቡ።

መቶኛው የሚሰላው ሐኪሙ በሚጠራው ዋጋ ላይ ሳይሆን ኢንሹራንሱ ባጸደቀው ዋጋ ላይ ነው። ክሊኒኩ ኢን ኔትወርክ ከሆነ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ካለው፣ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይሰርዘዋል እንጂ እርስዎን አይጠይቅም። ለሩት ካናሉ የክሊኒኩ ዋጋ 1,400፣ የጸደቀው 1,000 ነው፤ 400ው ቀሪ ሆኗል። ክሊኒኩ ከኔትወርክ ውጭ ቢሆን ኖሮ ያንን 400 ሊያስከፍልዎ ይችል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። "ኢንሹራንስዎን እንቀበላለን" እና "ከኢንሹራንስዎ ጋር ኢን ኔትወርክ ነን" አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ክሌሙን (የክፍያ ጥያቄውን) እንልክልዎታለን ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሩት ካናሉን የሚሠራው ሌላ ስፔሻሊስት ከሆነ ደግሞ እሱን ለብቻው ይጠይቁ፤ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሆነውም ውላቸው ሊለያይ ይችላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በዝርዝርዎ ላይ የጸደቁት ዋጋዎች፦ ሩት ካናል 1,000፣ ቢልድአፕ 200፣ ክራውን 1,000፣ ዲፕ ክሊኒንግ ለአንዱ የአፍ ሩብ 180፣ ለአራቱ 720 ናቸው። ድምሩ 2,920 ነው። ለምርመራውና ለራጁ ኢንሹራንሱ 200 ዶላር ከፍሏል፤ ይህም ከጣሪያው ላይ ስለሚቀነስ የቀረዎት 1,300 ነው። "100 ከመቶ ነጻ ነው" የተባለው ምርመራ ጣሪያውን ይበላል ብሎ የሚነግር ሰው አይገኝም፤ አንዳንድ እቅድ አይቆጥረውም፣ የእርስዎ ግን ቆጥሯል።

ሩት ካናል፦ ከ1,000 ላይ 50 ዲዳክቲብል ሲነሳ 950፤ 80 ከመቶው 760 ነው። የእርስዎ ድርሻ 240። ከጣሪያው 540 ቀረ።

ዲፕ ክሊኒንግ፦ የ720 80 ከመቶ 576 ነው፤ ያለው ግን 540 ብቻ ስለሆነ ያንኑ ከፍሎ አለቀ። የእርስዎ ድርሻ 180።

ቢልድአፕና ክራውን፦ ጣሪያው አልቋል። 1,200ውም የእርስዎ ነው።

240፣ 180 እና 1,200 ሲደመር 1,620።

በዚህ ቦታ እኔ የማደርገው ሥራውን በሁለት ዓመት ጣሪያ ላይ ማከፋፈል ነው። እቅድዎ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር የሚቆጠር መሆኑን መጀመሪያ ያረጋግጡ፤ ከጁላይ የሚጀምሩም አሉ። ሩት ካናሉና ቢልድአፑ አሁን ይሠሩ። የታመመ ነርቭ ጃንዋሪን አይጠብቅም። ዲፕ ክሊኒንጉን ለሁለት ይክፈሉት፦ የግራው ላይና ታች በኖቬምበር፣ የቀኙ በጃንዋሪ። ግራው ይቅደም የምለው ክራውኑ የሚገባበት ጥርስ እዚያ ስለሆነ ነው። ድዱ እየደማ ልኬት ቢወሰድ የክራውኑ ጠርዝ በትክክል አይገጥምም፤ የማይገጥም ጠርዝ ደግሞ ምግብ ይይዛል፣ ከሥሩም ጥርሱን ያበሰብሳል። ክራውኑ በጃንዋሪ ይሁን።

ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። ዘንድሮ ኢንሹራንሱ ለሩት ካናል 760፣ ለቢልድአፕ 100 (እንደ ክራውኑ 50 ከመቶ)፣ ለሁለቱ ሩብ 288፣ በድምሩ 1,148 ይከፍላል፤ ከ1,300 አያልፍም። እርስዎ 412 ይከፍላሉ። በጃንዋሪ አዲስ ጣሪያ ይከፈታል፣ አዲስ ዲዳክቲብልም ይመጣል። ለክራውኑ 475፣ ለቀሪው ሁለት ሩብ 288 ይከፍላል፤ የእርስዎ 597 ነው። ጠቅላላ 1,009 ዶላር። ዲዳክቲብሉ ከክራውኑ ይልቅ እጥበቱ ላይ ቢያርፍ 15 ዶላር ይጨምርብዎታል፤ ስለዚህ በጃንዋሪ የክራውኑ ክሌም እንዲቀድም ይንገሯቸው።

ይህን ሲያደርጉ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ ያለ ክራውን ከቆየ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ መነቀል ነው፣ የከፈሉት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጥቂት ሳምንት በቢልድአፕ ማሳለፍ ይቻላል፣ በዚያ በኩል ቆሎና አጥንት ሳያኝኩ። ወራት ግን አይቻልም፤ ይህ የተከሰተው በኤፕሪል ቢሆን ኖሮ "ጃንዋሪን ይጠብቁ" አልልዎትም ነበር። ሁለተኛ፣ ብዙ ኢንሹራንሶች የክራውን ቀን ብለው የሚይዙት በሲሚንቶ የተለጠፈበትን ቀን ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ጥርሱ የተሞረደበትን ይይዛሉ። የእርስዎ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ በዲሴምበር ተሞርዶ በጊዜያዊ ክራውን ተሸፍኖ ቢቆይ ለጥርሱ የተሻለ ነው። ቋሚው በጃንዋሪ ይለጠፋል። ክሊኒኩ በዲሴምበር የለጠፈውን በጃንዋሪ ቀን እንዲልክ ግን በጭራሽ አይጠይቁ፤ ማጭበርበር ነው፣ ተጠያቂነቱም የሁለታችሁም ነው። ሦስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ የመሥሪያ ቤቱ ምዝገባ ሲከፈት እቅዱን ሳያውቁ እንዳይቀይሩት። አዲስ እቅድ ለክራውን የ6 ወይም የ12 ወር ዌይቲንግ ፒሪየድ (ክፍያ ከመጀመሩ በፊት የሚጠበቅ ጊዜ) ሊኖረው ይችላል፤ ያን ጊዜ የጃንዋሪው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

ፊትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎት ይህን ሁሉ ስሌት ትተው በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ዲፕ ክሊኒንግ የግድ ነው ወይ ለሚለው መልሱ በቁጥር የሚታይ ነው፤ በማመንና ባለማመን የሚወሰን መሆን የለበትም። ሐኪሙ ወይም ሃይጂኒስቷ በቀጭን መለኪያ የእያንዳንዱን ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ እየነኩ ቁጥር ሲጠሩ ሰምተው ይሆናል፦ "ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት..." ይህ በድድና በጥርስ መካከል ያለው ኪስ ጥልቀት በሚሊሜትር ነው። ከ1 እስከ 3 ጤነኛ ነው። 4 መጠንቀቂያ ነው። 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ሲነካ የሚደማ ከሆነና ራጁ ላይ አጥንቱ ወርዶ ከታየ፣ መደበኛ እጥበት ጠጠሩ ያለበት ድረስ አይደርስም። ያን ጊዜ በማደንዘዣ ከድድ በታች ሥሩ መጽዳት አለበት። አለበለዚያ አጥንቱ መውረዱን ይቀጥላል፤ ጥርሱ ሳያምም ይነቃነቃል፣ ሕመም ስለሌለው ሰው የሚነቃው ከመሸ ነው።

ስለዚህ የኪስ ልኬት ቻርቱን ቅጂ ይጠይቁ፤ የእርስዎ ነው፣ የመውሰድ መብት አለዎት። በአሜሪካ እያንዳንዱ የጥርስ ሕክምና ኮድ አለው። ዲ4341 ማለት በአንድ ሩብ አፍ ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ጥርስ ዲፕ ክሊኒንግ የሚያስፈልገው ነው። ዲ4342 ከአንድ እስከ ሦስት ጥርስ ሲሆን ነው፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። በእርስዎ ዝርዝር ላይ ዲ4341 አራት ጊዜ ተጽፏል። ቻርቱ ላይ ከላይ ቀኝ ጥልቅ ኪስ ያላቸው ሁለት ጥርሶች ብቻ ከሆኑ ለዚያ ሩብ ትክክለኛው ኮድ ዲ4342 ነው፤ በጨዋ ቋንቋ ይጠይቁ። ቻርት ከሌለ፣ ወይም ቁጥሮቹ ሁሉ 2 እና 3 ሆነው "ዲፕ ያስፈልጋል" ከተባሉ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ራጁን ይዘው ይሂዱ። እንዲሁም በዝርዝሩ ላይ በየጥርሱ የሚጨመር የኪስ ውስጥ አንቲባዮቲክ፣ የሌዘር ወይም የማጠቢያ ክፍያ ካለ ለብቻው ያስረዱኝ ይበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ኢንሹራንስ አይከፍላቸውም፣ የመጀመሪያው ጽዳት ውጤት ከመታየቱ በፊት ደግሞ አስፈላጊነታቸው አይታወቅም። ውጤቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ እንደገና ተለክቶ ይታያል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከዲፕ ክሊኒንግ በኋላ ወደ መደበኛው እጥበት (ዲ1110) ወዲያው አይመለሱም፤ በየሦስት ወይም አራት ወሩ የድድ ጥገና (ዲ4910) ይታዘዝልዎታል። ይህ በብዙ እቅዶች 100 ከመቶ አይሸፈንም። ከአሁኑ ጠይቀው የሚቀጥለውን ዓመት ወጪ ውስጥ ያስገቡት።

ስለ ክራውኑ ባጭሩ። ቢልድአፕ ማለት ሩት ካናል ሲሠራ የተቦረቦረውንና የበሰበሰውን ክፍል ክራውን እንዲሸከም አድርጎ መሙላት ነው። ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ "ክራውኑ ውስጥ ይካተታል" ብሎ ይመልሰዋል፤ የጥርሱ ትልቁ ክፍል መጥፋቱን የሚያሳይ ራጅና የአፍ ውስጥ ፎቶ ከክሌሙ ጋር ከተላከ ግን የመከፈል ዕድሉ ይጨምራል። ፎቶውን ቢልድአፑ ከመሞላቱ በፊት እንዲያነሱት ይጠይቁ፤ ከተሞላ በኋላ ማስረጃ የለም። የክራውኑ ዓይነት ደግሞ ዳውንግሬድ የሚባለውን ያመጣል። ነጭ ሴራሚክ (ዲ2740) ተሠርቶልዎት እቅዱ ለመንጋጋ የሚፈቅደው የብረት ክራውን ብቻ ከሆነ፣ በብረቱ ዋጋ 50 ከመቶ ከፍሎ ልዩነቱን ኢን ኔትወርክ ሆነውም እርስዎ ይከፍላሉ። በመንጋጋ ላይ ነጭ ሙሌትም እንዲሁ ሊሆን ይችላል፤ በብርማው (አማልጋም) ሙሌት ዋጋ ይታሰባል። የእኔ 1,009 ዳውንግሬድ እንደሌለ አድርጎ ነው፤ ይህን በኮዱ ይጠይቁ።

አዲስ አበባ የተነቀለው ጥርስ ላይ ሚሲንግ ቱዝ ክሎዝ የሚባል አንቀጽ አለ። ኢንሹራንሱ ከመጀመሩ በፊት የጠፋ ጥርስ ከሆነ ኢምፕላንትም (በአጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ) ሆነ ብሪጅ (በጎን ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ቋሚ ምትክ) አንከፍልም የሚል ነው። ሁሉም እቅድ የለውም፤ ካለው ግን ጥርሱን አገር ቤት አስነቅሎ የመጣ ሰው ሁሉ ላይ ያርፋል። ቅጹ ላይ የተነቀለበት ቀን ይጠየቃል፤ እውነተኛውን ይጻፉ። የቆየ ራጅ ቀኑን ያጋልጣል፣ የሐሰት ቀን ደግሞ የተከፈለውን ያስመልሳል። አንቀጹ ካለ በምዝገባ ወቅት የሌለበትን እቅድ መፈለግ ነው ያለው አማራጭ። ኢምፕላንትን ጭራሽ የማይሸፍን እቅድም ስላለ ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቁ።

የድሮ የሕክምና ወረቀት ከአዲስ አበባ ካለዎት የጥርስ ቁጥሩን እንዳይቀላቅሉት። እዚያ የሚሠራበት ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር አፉን በአራት ከፍሎ ነው፤ የታመመው የታች ግራ የመጀመሪያ መንጋጋዎ እዚያ 36 ይባላል። አሜሪካ ከ1 እስከ 32 ይቆጠራል፤ ያው ጥርስ 19 ነው። 36 ቢሉ ሐኪሙ ወዲያው ይገባዋል፣ እንዲህ ያለ ቁጥር እዚህ የለምና። አደገኛው 14 ነው፦ በአገር ቤቱ ቁጥር የላይ ቀኝ ከውሻ ጥርስ ቀጥሎ ያለው ትንሹ፣ በአሜሪካው የላይ ግራ ትልቁ መንጋጋ። በቃል ሳይሆን በጣት ያሳዩ።

ከዚህ በኋላ የሚያደርጉት ይህ ነው። ክሊኒኩ ለክራውኑ፣ ለቢልድአፑና ለዲፕ ክሊኒንጉ ፕሪ ትሪትመንት ኢስቲሜት (ከሕክምናው በፊት ኢንሹራንሱ ምን ያህል እንደሚከፍል መጠየቂያ) እንዲልክ ይጠይቁ፤ ከራጁና ከኪስ ቻርቱ ጋር። መልሱ በጽሑፍ ይመጣል፣ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ዛሬ ይላክ። የክፍያ ዋስትና አይደለም፤ በመካከል ጣሪያው ካለቀ ወይም ሥራ ከለቀቁ ይቀየራል፤ ዳውንግሬዱንና የተቃወሙትን ነገር ግን አስቀድሞ ያሳያል። ለሩት ካናሉ አይጠብቁት። ወደ ኢንሹራንሱ ራስዎ ሲደውሉ ደግሞ ኮዶቹን ይዘው፦ ከጣሪያዬ ስንት ቀረ? ለ3330 (የመንጋጋ ሩት ካናል) ስንት ከመቶ? ለ2740 (ሴራሚክ ክራውን) ዳውንግሬድ አለ? የምትቆጥሩት የተለጠፈበትን ቀን ነው የተሞረደበትን? አንድ ቀን አራት ሩብ ትከፍላላችሁ ወይስ ሁለት? ብለው ይጠይቁ። ያነጋገረዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪ ቁጥሩን ይጻፉ። አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ሊሰጡዎት ይችሉ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ብዙ ትልልቅ ኢንሹራንሶች ያለ ክፍያ ያቀርባሉ።

ከሕክምናው በኋላ ኢኦቢ የሚባል ወረቀት ይደርስዎታል። ቢል አይደለም፤ ክሊኒኩ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደጸደቀ፣ ምን እንደተከፈለና የእርስዎ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ነው። የክሊኒኩ ቢል ከዚያ "የታካሚ ድርሻ" ከሚለው መስመር ከበለጠ አይክፈሉ፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን ያስረዱኝ ይበሉ። ክሌሙ ውድቅ ከሆነ የምክንያት ቁጥሩን ያንብቡ። "ተጨማሪ መረጃ ያስፈልጋል" የሚለው ውድቅ ቢመስልም ራጅና አጭር የሐኪም ማብራሪያ ሲላክ ብዙ ጊዜ ይከፈላል። ይግባኝ ማለትም ይችላሉ፤ በመሥሪያ ቤት በኩል በሚገኝ እቅድ ቢያንስ 180 ቀን ይሰጥዎታል።

መሥሪያ ቤትዎ ኤፍኤስኤ (ለሕክምና ወጪ ከደመወዝ የሚቀመጥ ገንዘብ) ካለው በዚሁ የዓመት መጨረሻ ምዝገባ የጃንዋሪውን 597 ዶላር እዚያ ውስጥ ይመድቡ። ከታክስ በፊት የሚቆረጥ ስለሆነ ይጠቅማል፤ ካልተጠቀሙበት ግን ሊቃጠል ስለሚችል እርግጠኛ ከሆኑበት በላይ አያስገቡ። ቤትዎ ውስጥ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ያለው አዋቂ ካለ ደግሞ ሜሪላንድ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ፣ ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ለአዋቂዎች የጥርስ ሕክምና ይሸፍናሉ፤ ለነሱ ይህን ሁሉ ስሌት ከመጀመር በፊት ሜዲኬይድ የሚቀበል ክሊኒክ ይፈልጉ።